ኤልኤክስኪውት ለዕለት ሥራ ይሆናል ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ሆኗል። ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያላቸው፣ ግን ስክሪናቸውም ኪቦርዳቸውም ገና ደህና የሆኑ ማሽኖች ማለት ነው። እነዚህን ማሽኖች መጣል ያሳዝነኛል። ላፕቶፕ ስንት ብር እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ ሊኑክስ (ዊንዶውስን የሚተካ ሲስተም) ሞክራችሁ ኤልኤክስኪውት ስለሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ጠይቃችኋል። ስሙ እንደ ሌሎቹ ዴስክቶፖች፣ እንደ ኖም ወይም እንደ ኬዲኢ፣ የገነነ አይደለም፤ እኔ ግን የምሠራው እሱ ላይ ስለሆነ ጥሩውንም የሚያናድደውንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው ዓይነት ነው። ኡቡንቱ ጭኜበት በጣም ተንቀራፈፈብኝ። ኤልኤክስኪውት ቀላል ነው ሲሉ ሰማሁ። የምር ለዕለት ሥራ ይሆናል ወይስ ለሙከራ ብቻ ነው? (መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ። ፈተና ማዘጋጀት፣ የተማሪ ውጤት መደመር፣ ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ቴሌግራም፣ ኢንተርኔት፣ ይሄን ሁሉ ያለ ችግር ይሠራል። ግን ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና።

ዴስክቶፕ የምንለው ከታች ያለውን ፓነል፣ ሜኑውን፣ ፋይል ማሳያውን፣ የሴቲንግ መስኮቶቹን በአንድ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ይሄ ክፍል ብቻውን ይቀየራል፣ ከሥሩ ያለው ሲስተም እንዳለ ሆኖ። ኡቡንቱ ይዞት የሚመጣው ኖም ነው። ኖም ያምራል፣ ግን በ4 ጊጋ ራም ላይ ይከብዳል። ኤልኤክስኪውት አኒሜሽን አያበዛም፣ መስኮቶቹን የሚያስተዳድርለትም ኦፕንቦክስ የሚባል በጣም ቀላል ፕሮግራም ነው። ምንም ሳትከፍት ከ1 ጊጋባይት ራም በታች ይዞ ይቀመጣል።

የተረፈው ራም የብራውዘር ነው። ጂሜይል፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ጎን ለጎን ስትከፍት ሦስቱ ብቻ ዴስክቶፑ ከያዘው በላይ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ዴስክቶፕ ቀይረህ ሃያ ታብ የምትከፍት ከሆነ ለውጡን ብዙም አታየውም። በ4 ጊጋ ላይ ታብ መዝጋት ልማድ መሆን አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። አንድ የሚያግዝ ነገር አለ፦ ዜድራም። ራም ሲሞላ ዳታውን ወደ ዲስክ ከመጣል ይልቅ እዚያው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ዜድራም ቱልስ የሚባለውን ጥቅል ከጫንክ በኋላ ከራሙ በመቶ ስንቱ ለዚህ ይዋል የሚለውን በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ትወስናለህ።

ትልቁ ጠላትህ ግን ሃርድ ዲስኩ ነው። ማሽኑ ሲነሳ፣ ፋየርፎክስ ሲከፈት፣ ሊብረኦፊስ (ዎርድንና ኤክሴልን የሚተካው) ሲከፈት የምትጠብቀው እሱን ነው፣ ዴስክቶፑን አይደለም። ገንዘብ ካለህ፣ ሌላ ምንም ሳትገዛ ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ፈጣኑን አዲስ ዓይነት ዲስክ፣ አስገባበት። ኤስኤስዲና ኤልኤክስኪውት አንድ ላይ ሲሆኑ ያ ላፕቶፕ ገና ብዙ ያገለግልሃል።

ጥያቄ፦ ከየት ነው የማወርደው? ዳታ ውድ ስለሆነ ተሳስቼ ሁለቴ ማውረድ አልፈልግም። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሃዋሳ)

መልስ፦ ኤልኤክስኪውት ብቻውን የሚወርድ ሲስተም አይደለም፣ ከአንድ የሊኑክስ ስርጭት ጋር ነው የሚመጣው። ሦስቱን ላስታውስህ። ሉቡንቱ አለ፣ የኡቡንቱ ዘመድ ነው። ዴቢያን አለ፣ በኤልኤክስኪውት የተዘጋጀ ላይቭ ፋይል (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ) ያወጣል። ፌዶራም የራሱ የኤልኤክስኪውት እትም አለው።

ለጀማሪ ሉቡንቱ 24.04ን እመክራለሁ። ረጅም ድጋፍ ካላቸው እትሞች አንዱ ነው፣ እስከ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2027 ማሻሻያ ያገኛል። ይዞት የመጣው ኤልኤክስኪውት ግን 1.4 ነው፣ ትንሽ ቆየት ያለ። አዲሱን ካማረህ ዴቢያን 13 ውስጥ 2.1 አለ፣ እኔም ለራሴ የምመርጠው ዴቢያንን ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ በየጊዜው አይቀያየርብህም፣ ብዙ ዳታ የሚበላ ማሻሻያም አያበዛም።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሌሊት ፓኬጅ አውርደው፣ በሚቆምበት ቦታ የሚቀጥል ዳውንሎደር ተጠቀም፣ ወይም በቶረንት። ሲያልቅ ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ከድረ ገጹ ጋር አመሳክር። መንገድ ላይ የተበላሸ ፋይል ፍላሽ ላይ ጭነህ ምክንያቱ ሳይገባህ ግማሽ ቀን ከማቃጠል ሁለት ደቂቃ መስጠት ይሻላል። ፍላሹን ቬንቶይ በሚባለው ፕሮግራም ካዘጋጀኸው የሉቡንቱንም የዴቢያንንም ፋይል ኮፒ አድርገህ ብቻ ስታስነሳ መምረጥ ትችላለህ፣ በየጊዜው ፍላሽ ማጽዳት የለም።

ከዚያ ወዲያው አትጫን። ከፍላሹ አስነሳና ላይቭ ላይ ሆነህ ዋይፋዩን አገናኝ፣ አንድ ቪዲዮ ከነድምፁ ክፈት፣ የስክሪን ብርሃን ቀንስ ጨምር፣ ክዳኑን ዝጋና ክፈት። በተለይ ክዳኑን። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከእንቅልፍ መመለሱ ነው። ፍላሽ ላይ ከሠራ ከተጫነም በኋላ ይሠራል ብለህ መጠበቅ ትችላለህ። ከፍላሽ ሲነሳ ዝግ ማለቱ ግን የፍላሹ ነው፣ በዚያ አትፍረድ።

ማሽንህ በጣም አሮጌ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ሉቡንቱም ዴቢያን 13ም አይጫኑልህም። መጀመሪያ ያንን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ሚንት ከሲናመን ጋር አለኝ፣ ተመችቶኛል። ኤልኤክስኪውትን ልየው ብዬ ነው እንጂ ሚንቴን ማበላሸት አልፈልግም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማበላሸት የለም፣ ሁለቱ ዴስክቶፖች፣ ሲናመንና ኤልኤክስኪውት፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ።

መጀመሪያ ለሙከራ የሚሆን ሁለተኛ ዩዘር ክፈት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምለምንህ ይሄን ነው። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ ሴቲንጉን በቤት ፎልደርህ ውስጥ በተደበቁ ፎልደሮች ያስቀምጣል። በአንድ ዩዘር ሁለት ዴስክቶፕ ስትጠቀም የአይከን መልክ፣ የፎንት መጠን፣ ፎልደር ስትነካ የሚከፈተው ፕሮግራም ይደበላለቃል፤ ከዚያ ወደ ሲናመን ስትመለስ እንደተውከው አታገኘውም። በተለየ ዩዘር ከሞከርክ ግን የራስህ ገጽታ አይነካም።

ቀጥለህ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ኤልኤክስኪውትን ጫን። መሃል ላይ ሰማያዊ መስኮት ብቅ ብሎ የትኛው የሎግኢን ማሳያ ይሁን ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። ላይትዲኤምን ምረጥ፣ ሚንትህ የለመደው እሱ ነው። ኤስዲዲኤም የሚለውን ብትነካም ማሽኑ አይሞትም፣ መግቢያው መልኩን ይቀይራል እንጂ። ጨርሰህ ሎግ አውት ስታደርግ ስምህ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጫን፣ የዴስክቶፖቹ ዝርዝር ይመጣል፣ ኤልኤክስኪውትን መርጠህ ግባ።

ሜኑህ ውስጥ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሁለት ፕሮግራሞች ይታያሉ፦ ሁለት ተርሚናል፣ ሁለት ፎቶ ማሳያ፣ ሁለት ፋይል ማሳያ። ይሄ ጤነኛ ነው። ካልወደድከው ጥቅሉን አውጥተህ የሙከራውን ዩዘር ሰርዝ፣ አለቀ።

አንድ ልመና፦ አንድ ምሽት አይተህ አትወስን። የሳምንት ሥራህን ሥራበት። ፕሪንት አድርግ፣ ፍላሽ ሰካ፣ ስልክህን አገናኝ፣ ዙም ግባ። ዴስክቶፕ የሚለካው በስክሪን ፎቶው አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ጥሩ ሆኖ አማርኛ መጻፍ አቃተኝ። ፋየርፎክስ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ላይ እምቢ ይላል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ኖምና ሲናመን የቋንቋ መቀየሪያውን በብዛት ራሳቸው ያዘጋጁልሃል። ኤልኤክስኪውት አያዘጋጅልህም። የተለያዩ ክፍሎች ተሰብስበው የቆመ ዴስክቶፕ ነው፣ የቋንቋው ክፍል ደግሞ በእጅ የሚገጠም ነው። ከተገጠመ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ነው።

የሚያስፈልጉህ አይባስ የሚባለው ፕሮግራምና አይባስ ኤም17ኤን የሚባለው ተጨማሪው ናቸው። ሁለተኛው ውስጥ ሴራ የሚባለው የአማርኛ አጻጻፍ አለ። በድምፅ የሚጻፍ ነው፣ አብዛኞቻችን የለመድነው ዓይነት፦ ኤስና ኢን ስትጫን ሰ፣ ኤልና ኤን (l እና a) ስትጫን ላ፣ ኤምን ብቻ ስትጫን ም ይሰጥሃል፣ ሰላም ወጣ ማለት ነው። ከጫንክ በኋላ የአይባስን ሴቲንግ ክፈት፣ ኢንፑት ሜተድ የሚለው ውስጥ ገብተህ አማርኛን ፈልገህ ሴራን ጨምር።

አሁን አንተን ያስቸገረህ ነገር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት "የኪቦርዱን ጽሑፍ ከማን ልቀበል?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ የሚሰጠው ገና ሎግኢን ስታደርግ በሚነሱ ሦስት የአካባቢ ተለዋዋጮች (ፕሮግራሞች የሚያነቧቸው አጫጭር ቅንብሮች) ነው። አንዱ ለጂቲኬ ፕሮግራሞች፣ አንዱ ለኪውት ፕሮግራሞች፣ አንዱ ለድሮዎቹ። ጂቲኬና ኪውት የፕሮግራም መስኮቶችና ቁልፎች የሚሠሩባቸው ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። ፋየርፎክስ በጂቲኬ የተሠራ ነው፣ የኤልኤክስኪውት የራሱ ፕሮግራሞች ደግሞ በኪውት። አንተ ጋ የጂቲኬው ብቻ ሳይሞላ አልቀረም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኢም ኮንፊግ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተህ አይባስን ምረጥ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ይሞላልሃል። ከዚያ ሎግ አውት አድርገህ ተመለስ፤ መስኮቱን ዘግቶ መክፈት ብቻ አይበቃም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "አልሠራም" ብሎ ይተወዋል።

መቀየሪያው የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው። ሉቡንቱ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍ ሜኑውንም ስለሚከፍት አንዳንዴ ይጋጫል። ሲጋጭብህ አይባስ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ኮንትሮልና ስፔስ ቀይረው።

ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየህ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ሁለቱም በነፃ ከሶፍትዌር ማከማቻው ይገኛሉ። ለረጅም ንባብ አቢሲኒካ ዓይን አያደክምም፣ ለሜኑና ለድረ ገጽ ኖቶ ሳንስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቢሮ የሚላክልን የአማርኛ ደብዳቤ በዊንዶውስ የተጻፈ ነው። ሊብረኦፊስ ላይ ስከፍተው ገጹ ይዛባል፣ አንዳንዱ እንዲያውም የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታየኛል። (ጸሐፊ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ ከዴስክቶፑም ጋር አይገናኙም።

ገጽ የሚዛባው ደብዳቤው በኒያላ ወይም በኢብሪማ ስለተጻፈ ነው። ሁለቱም የማይክሮሶፍት ፎንቶች ናቸው፣ ሊኑክስ ላይ የሉም፣ ሊብረኦፊስ የመሰለውን ይተካል፣ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል። ሊብረኦፊስ ሴቲንግ ውስጥ ፎንት የሚለው ጋ የመተኪያ ሰንጠረዥ አለ። ኒያላ ሲመጣ በአቢሲኒካ ተካ ብለሽ አንዴ ጻፊበት፣ ቢያንስ ሁሌ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታይሻል። ፊርማና ማኅተም ያለበትን ግን በፒዲኤፍ እንዲልኩልሽ ጠይቂ።

ዝብርቅርቁ ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ከመስፋፋቱ በፊት የአማርኛ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይሥሉ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይወጣል። ያንኑ ፎንት ካገኘሽ ትጭኚዋለሽ፣ ይነበባል። ቢሮው አዲስ ደብዳቤ ዛሬም በዚያ ፎንት የሚጽፍ ከሆነ ግን ለኃላፊው ንገሪው። በዚያ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በፍለጋ አይገኝም፣ ስልክ ላይ አይነበብም፣ ፎንቱ የጠፋ ቀን ማኅደሩ እንዳለ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ፊልም ሳይ ስክሪኑ መሃል ላይ በአግድም ይቆረጣል። ላፕቶፑ ነው የተበላሸው? (ከጅማ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ኦፕንቦክስ ኮምፖዚተር የሚባለው ክፍል የለውም፣ ማለትም ምስሉን አዘጋጅቶ ከስክሪኑ እድሳት ጋር አስተካክሎ የሚያቀርብ የለም። ፒኮም የሚባለውን አስነሳ፣ ቪሲንክ የሚለውን አብራ፣ ይጠፋል። አማራጭም አለ፦ በሴሽን ሴቲንግ ውስጥ የመስኮት አስተዳዳሪውን ከኦፕንቦክስ ወደ ኤክስኤፍደብሊውኤም4 ቀይር። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ መስኮት አስተዳዳሪ ነው፣ ኮምፖዚተር በውስጡ አለው። ሥራውን ሳያፈርስ አንዱን ክፍል አውጥቶ ሌላ መግጠም መቻሉ ኤልኤክስኪውትን እንድወደው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ማን ነው የሚሠራው? ነገ ጥለውት ቢሄዱስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ተገቢ ስጋት ነው። ሥሩ ኤልኤክስዲኢ የሚባል የቀድሞ ቀላል ዴስክቶፕ ነው፣ ሆንግ ጄን ዪ የተባለ የታይዋን ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲኬ 3 አልጥም ሲለው ወደ ኪውት መዞር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሬዘር ኪውት የሚባል ሌላ ትንሽ ቡድን ይሄንኑ መንገድ ይዞ ነበር። ተፎካክረው ሁለቱም ከሚደክሙ ተዋሃዱ፣ የመጀመሪያው ኤልኤክስኪውት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2014 ወጣ። ሉቡንቱ በ2018 ተቀበለው፣ በ2021 1.0 ደረሰ፣ በ2024 ወደ ኪውት 6 ተሸጋገረ።

የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፣ ከጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ የለም። ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሳያቋርጡ እትም አውጥተዋል፣ አንዱን ከባድ ሽግግርም ጨርሰዋል። ቢቆም እንኳ ፋይሎችህ ፋይሎችህ ናቸው። ሌላ ዴስክቶፕ ጭነህ ትቀጥላለህ፣ አንድም ዶክመንት አይጠፋብህም።

ጥያቄ፦ ዌይላንድ ላይ ይሠራል? (አጭር መልስ ይበቃኛል)

መልስ፦ ዌይላንድ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የማሳያው አዲስ ሥርዓት ነው፣ የድሮው ኤክስ11 ነው። ከኤልኤክስኪውት 2.1 ጀምሮ ይሠራል፣ ላብደብሊውሲ ከሚባለው የመስኮት አስተዳዳሪ ጋር ሞክረው። ለዕለት ሥራ ግን ለጊዜው በኤክስ11 ቆይ፣ ያልተጠናቀቁ ነገሮች አሉት።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በፒችትሪ ነው። የልጄ ጓደኛ ሊኑክስ ልጫንልዎት አለኝ። ምን ይመክሩኛል? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ሥራዎ ፒችትሪ ከሆነ ዋናውን ማሽን አይንኩት። ፒችትሪ የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ወይን በሚባለው መንገድ ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የሚሞክሩ አሉ፣ የደንበኞችን ሒሳብ ግን በሙከራ ላይ አያስቀምጡም። ቨርቹዋል ማሽን (በሊኑክስ ውስጥ ዊንዶውስን የሚያስኬድ) የሚሉም አሉ፣ እሱ ደግሞ 4 ጊጋ ራም ላይ አይታሰብም።

ሊኑክሱን ከወደዱት ከዊንዶውሱ ጎን ይጫንልዎት፣ ኢንተርኔቱን፣ ኢሜይሉንና ባንኩን በሊኑክስ ይሥሩ፣ ዊንዶውስ 10ን ለፒችትሪ ብቻ ያስቀሩትና ከኢንተርኔት ያርቁት። ይሄ ለደኅንነትም ይበጅዎታል። ከመጫኑ በፊት ሙሉ ባክአፕ በውጭ ዲስክ ይያዙ፣ ዊንዶውሱ ላይ ደግሞ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን ያጥፉት። ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ከሊኑክስ በኩል ፋይል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችሉም።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህን ምን ያናድድሃል? (ከአዋሽ)

መልስ፦ መልክ ለመቀየር ሦስት ቦታ መሄዱ። የኪውት ፕሮግራሞች አንድ ቦታ፣ የጂቲኬ ፕሮግራሞች ሌላ ቦታ፣ የመስኮቱ አናት ላይ ያለው አሞሌ ደግሞ በኦፕንቦክስ ሴቲንግ። ጥቁር ገጽታ መርጠህ አናቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያም ታችፓዱን ነካ ማድረግ እንደ ክሊክ አለመቆጠሩ፣ ኪቦርድና ማውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ማብራት አለብህ። ሉቡንቱ ላይ ያለችው የዋይፋይ ምልክትም ለተራ ግንኙነት እንጂ ለሌላው ጠባብ ናት።

በምላሹ ፋይል ማሳያውን በምንም አልለውጠውም። ኤፍ6 ስትጫን መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፣ በግራ ፍላሹን በቀኝ ፎልደርህን ከፍተህ ፋይል ማሸጋገር ነው። ኤፍ4 ስትጫን እዚያው ፎልደር ላይ ተርሚናል ይከፈታል።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ እኔ ቨርጂኒያ። የድሮ ላፕቶፔን በሰው ልልክላት ነው። ቴሌግራም ታወራለች፣ ዩቲዩብ ላይ ስብከትና መዝሙር ትከታተላለች፣ በቃ። ኤልኤክስኪውት ለእሷ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ በደንብ ካዘጋጀሽላት። ዴስክቶፑ እንዳስቀመጥሽው ስለሚቀመጥ ለእናቶች ጥሩ ነው፣ በማሻሻያ ሰበብ መልኩ አይቀየርባቸውም።

ፎንቱን ወደ 14 ከፍ አድርጊላት። ፓነሉን ወፍራም አድርጊው፣ ሜኑውን ትታ እንድትጠቀም ፓነሉ ላይ ቴሌግራምን፣ ፋየርፎክስንና ፎቶዎችን ብቻ አስቀምጪ፣ የቀረውን አንሺው። ከዚያ ፓነሉን ቆልፊው፣ በስሕተት ተጎትቶ እንዳይጠፋ። ፋየርፎክስ ሲከፈት በቀጥታ እሷ የምትከታተላቸው ቻናሎች እንዲመጡ አድርጊ። ሲነሳ ያለ ፓስወርድ እንዲገባ አድርጊላት፣ ላፕቶፑ ከቤት የማይወጣ ከሆነ።

ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ደግሞ ባትሪ ሲያልቅ ምን ይሁን የሚለውን ወደ መዝጋት ቀይሪው። መብራት ሄዶ እሷ ሳታስተውል ባትሪው ካለቀ ማሽኑ ድንገት ሳይሆን በሥርዓት ይጠፋል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ አድርጊው፣ ከመላክሽ በፊት ግን ተኝቶ መነሳቱን ደጋግመሽ ፈትኚ።

በርቀት የምትገቢበት ፕሮግራም ጫኚበት፣ ከመላክሽ በፊት ከሌላ ቤት ኢንተርኔት ሆነሽ መግባትሽን አረጋግጪ። የቤቷን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ካወቅሽ ከአሁኑ አስገቢው፣ እዚያ ሲደርስ በራሱ ይገናኛል። ካላወቅሽ ደግሞ ቅርብ ካለ የጎረቤት ልጅ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ላፕቶፑ በደረሰ ቀን መጥቶ ያገናኝላት።